ያረጁ አይጦች ሂፖካምፐስ ውስጥ ካልቢንዲን መቀነሱ ምን ያመለክታል?

ጥያቄ፦ የቤተ ሙከራ አይጦችን የሂፖካምፐስ (ለትውስታ የሚያገለግል የአንጎል ክፍል) ስስ ቁራጮች በካልቢንዲን አንቲቦዲ (ካልቢንዲን የተባለውን ፕሮቲን ለይቶ በሚጣበቅ ሞለኪውል) ስናቀልም፣ የሽማግሌዎቹ ሲኤ1 የተባለው የሂፖካምፐስ ክፍል ከወጣቶቹ ይልቅ ደብዝዞ ይታያል። የነርቭ ሕዋሳቱ ሞተዋል ማለት ነው ወይስ የቀነሰው ፕሮቲኑ ብቻ ነው?

መልስ 1፦ ቀለሙ ደበዘዘ ብለው ሕዋሱ ሞቷል ከሚል ድምዳሜ እንዳይደርሱ አደራ እላለሁ። በ1996 የታተመ ጥንቃቄ የተሞላበት ቆጠራ እንዳሳየው፣ ቦታ የመለየት ትምህርት በከበዳቸው ያረጁ አይጦች ላይ እንኳ የሂፖካምፐስ ዋና ዋና ሕዋሳት ቁጥር አልቀነሰም። ስለዚህ አጎራባቹን ቁራጭ የነርቭ ሕዋሳትን በሚያሳዩት የኒስል ወይም የኒውኤን ማቅለሚያዎች ያቅልሙና ይቁጠሩ፤ ቁጥሩ እኩል ሆኖ የካልቢንዲኑ ምልክት ብቻ ካነሰ፣ ሕዋሱ በሕይወት አለ፣ የያዘው የፕሮቲኑ መጠን ግን ወርዷል ማለት ነው።

መልስ 2፦ በዚህ እስማማለሁ። ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስልዎት ግን፤ ካልቢንዲን ወደ ሕዋሱ የሚገባውን ካልሲየም ፈጥኖ የሚይዝ ፕሮቲን ሲሆን፣ ባረጁ የሲኤ1 ሕዋሳት ደግሞ በኤል ዓይነት ቻናሎች (በሕዋሱ ሽፋን ላይ ባሉ የካልሲየም መግቢያ በሮች) በኩል የሚገባው ካልሲየም ይጨምራል፤ ከኤሌክትሪክ ምት በኋላ የሚከተለው የሕዋሱ ዝምታም ይረዝማል። የሚገባው በዝቶ የሚይዘው ሲያንስ ሕዋሱ መጨነቁ አይቀርም።

መልስ 3፦ ፓርቫልቡሚንና ካልሬቲኒን የተባሉት ሌሎች ካልሲየም ያዥ ፕሮቲኖች በሌሎች ሕዋሳት ስለሚገኙ የካልቢንዲንን ውጤት ለእነርሱ አያውሱ። የወጣቶቹንና የሽማግሌዎቹንም ቁራጮች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሳህን ያቅልሙ።