የፖርቱጋል ዘውድ ወደ ስፔን የሄደው በጦር ነው ወይስ በጋብቻ?

ጥያቄ (ንባብ ወዳድ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ፖርቱጋል ነገሥታት ሳነብ አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። በ1580 አገሪቱ በስፔኑ ንጉሥ በዳግማዊ ፊሊፕ እጅ የወደቀችው በጦርነት ነው የሚሉ አሉ፤ ከዚያ ከሃምሳ ዓመት በፊት በተፈጸመ ጋብቻ ነው የሚሉም አሉ። ለሌላ አገር ንጉሥ የተዳረች ልዕልት የአባቷን ዘውድ ለባዕድ የምታወርሰው እንዴት ነው? የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መልስ (የድሮ መምህር)፦
ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ጋብቻው ባይኖር ግን ጦሩ የሚዘምትበት ሰበብ ባልተገኘ ነበር። የፖርቱጋሉ ንጉሥ የማኑኤል ልጅ ኢሳቤላ በ1526 ሴቪል ላይ የስፔንን ንጉሥ፣ ንጉሠ ነገሥት ቻርልስ አምስተኛን አገባች። እናቶቻቸው እኅትማማች ስለነበሩ የሮማው ጳጳስ ፈቃድ አስፈልጓል። ጥሎሿ 900,000 ክሩዛዶ (የፖርቱጋል የወርቅ ገንዘብ) ነበር፤ ጥሎሽ ስል እኛ ዘንድ ወንዱ የሚያመጣውን ማለቴ ሳይሆን በዚያ ዘመን አውሮፓ ሴቲቱ ከአባቷ ቤት ይዛ የምትሄደውን ሀብት ነው። ባሏ በሌሎች ግዛቶቹ በሚሰነብትባቸው ዓመታት ስፔንን በእንደራሴነት ያስተዳደረችው እርሷ ስትሆን፣ በ1539 ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም ስታርፍ ገና 35 ዓመቷ ነበር። ፊሊፕ የእርሷ ልጅ ነው።

በ1578 ወጣቱ ንጉሥ ሰባስቲያን ሚስትም ልጅም ሳይኖረው ሞሮኮ ውስጥ አልካሰር ኪቢር ላይ ሲወድቅ፣ ዙፋኑ ለኢሳቤላ ታናሽ ወንድም ለካርዲናል ሄንሪክ ደረሰ። ካርዲናሉም በጥር 1580 ያለ ወራሽ ሲሞት ፊሊፕ በእናቱ በኩል የማኑኤል የልጅ ልጅ መሆኑን ጠቅሶ ዘውዱን ጠየቀ፤ መልሱንም ተቀምጦ አልጠበቀም፤ የጦር አዛዡን የአልባን መስፍን ጦር አስይዞ ላከ።

መልስ (ዘጋቢ)፦
መምህር ያስቀሩትን ልጨምር። ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ ሴት ነበረች፤ የብራጋንሳው መስፍን ሚስት ካታሪና። እርሷም የማኑኤል የልጅ ልጅ ናት፤ ልዩነቱ የምትወለደው በወንድ ልጁ በዱዋርቴ በኩል መሆኑ ነው። ስለዚህ የአባቷ መብት ወደ እርሷ እንደሚተላለፍና በሴት በኩል የሚመጣውን ፊሊፕን እንደምትቀድም ተከራከረች። በእኔ አስተያየት የእርሷ ክርክር ይበልጥ ያሳምናል፤ ጦሩ ግን በፊሊፕ እጅ ነበር።

ይሁን እንጂ ፖርቱጋሎች በ1640 በስፔን ላይ ሲነሡ ያነገሡት የዚህችኑ ካታሪና የልጅ ልጅ፣ ጆዋዎ አራተኛን ነው። የጆዋዎም ልጅ በቅድመ አያቷ ስም ካታሪና ትባላለች፤ በ1662 ለእንግሊዙ ንጉሥ ለዳግማዊ ቻርልስ ተዳረች። ስፔን ያን ጊዜ የፖርቱጋልን ነፃነት ገና ስላልተቀበለች የእንግሊዝ ወታደርና መርከብ እጅግ ያስፈልግ ነበርና፣ የሞሮኮዋ ታንጂርና የህንዷ ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ከ2 ሚሊዮን ክሩዛዶ ጋር በጥሎሽነት ተሰጡ። የእንግሊዝ ዘውድ ቦምቤይን በ1668 ለእንግሊዙ የንግድ ድርጅት ለምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ያከራየው በዓመት በ10 ፓውንድ መሆኑን ሳስበው ይገርመኛል። ካታሪና ልጅ አልወጣላትም፤ በፕሮቴስታንቷ እንግሊዝ ካቶሊክ በመሆኗም ሥርዓተ ንግሥ አልተፈጸመላትም። ባሏ ከሞተ በኋላ ወደ ሊዝበን ተመልሳ፣ ወንድሟ ሲታመም አገሯን በእንደራሴነት አስተዳድራ በ1705 አረፈች።

ጠያቂው (ንባብ ወዳድ)፦
እግዜር ይስጥልኝ። በ1580 ዙፋኑን ያጣችው ሴት ዘሮች ከስልሳ ዓመት በኋላ እንደነገሡበት አላውቅም ነበር። ማኑኤል ግን ከንግሥት እሌኒ ጋር የተጻጻፈው ንጉሥ አይደለም?

መልስ (የድሮ መምህር)፦
እርሱው ነው። የእሌኒ መልእክተኛ ማቴዎስ ሊዝበን የደረሰው በ1514 ሲሆን፣ የያዘው ደብዳቤ በሙስሊም ኃይሎች ላይ ኅብረት ከመጠየቁ በተጨማሪ የሁለቱ ቤተ መንግሥት ልጆች እንዲጋቡ ሐሳብ ያቀርብ ነበር። ሐሳቡ ሳይፈጸም ቀረ። ኢሳቤላ በዚያ ዓመት የ10 ዓመት ልጅ ነበረች።