የአባቴ ሰንጢ ላይ ያለው ማኅተም እየጠፋ ነው፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፣ ከድሬዳዋ ከዚራ

አባቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። ከሱ ከቀሩኝ ዕቃዎች አንዷ የእንጨት እጀታ ያላት ሰንጢ ናት። አንገቷ ላይ የብረት ቀለበት አላት፤ ስትከፍታት ቀለበቱን አዙረህ ትቆልፋታለህ። ስለቷ ላይ ዘውድ ያለበት እጅ ታትሟል፤ አጠገቡ የፈረንጅ ጽሑፍ አለ። ልጅ ሆኜ ፊደሎቹን በጣቴ እዳስሳቸው ነበር። አሁን እጁ በጭላንጭል ይታያል፤ ጽሑፉ ግን ጠፍቷል ማለት ይቻላል። እናቴ ለዓመታት በአመድና በሎሚ ስትፈትጋት ኖራለች። ባለፈው ወር ደግሞ አንድ ስለት የሚያወጣ ሰው በሞተር ድንጋይ ሳለልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ባሰባት። እንደገና እንዲቀርጽልኝ ቀራጺ ጋ ልውሰዳት ወይስ ሌላ መላ አለ?

መካኒኩ

አቦ፣ ቀራጺ ጋ እንዳትሄድ! መጀመሪያ ማኅተሙ አሁንም ጥልቀት እንዳለው እይ። ማታ መብራቱን አጥፋና የስልክህን ባትሪ ከጎን፣ ከስለቱ ጋር ልታነካው ምንም ሳይቀርህ አብራ። ፊደሎቹ ጥላ ከጣሉ ጥልቀት አለ ማለት ነው። ፊት ለፊት ብታበራ ምንም አታይም። ያየኸውን እዚያው ፎቶ አንሳው።

የገለጽካት ሰንጢ ኦፒኔል ናት። የድሮዎቹ ማኅተም ብረቱ ላይ ተመትቶ የገባ ነው። እንዲህ ያለው በውኃ ታጥቦ አይለቅም። የሚጠፋው ዙሪያው ያለው ብረት ተፍቆ ከጉድጓዱ እኩል ሲሆን ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ፊደሎቹ ጎልተው የሚታዩት ውስጣቸው ስለጠቆረ ነው። አመድና ሎሚ ያንን ጥቁረት ጠርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ ጠፋ ያልከው ሁሉ ጠፍቶ ላይሆን ይችላል።

ሽቦ፣ ብርጭቆ ወረቀትና የሞተር ድንጋይ ከዛሬ ጀምሮ ይቅርባት። የሞተር ድንጋይ ብረቱንም ያግለዋል። ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል፤ ቶሎ ቶሎ ይደንዛል። በእጅ፣ በውኃ ድንጋይ ሳላት። ስትስል ከጠርዙ አትራቅ፤ ስለቱን ድንጋዩ ላይ አታስተኛው።

የጀጎል ልጅ፣ ሐረር

መካኒኩ ልክ ነው። እኔም አሮጌ ሰንጢ እወዳለሁ፣ ስለ ማኅተሟ ትንሽ ልጨምርልህ። ኦፒኔል ሰንጢ የምትመጣው ፈረንሳይ ውስጥ ሳቮይ ከሚባል ተራራማ አገር ነው። ዘውድ ያለበት እጅ ምልክቷ የሆነው በ1909 ነው፣ እንደ ፈረንጆች። እጁ የመጥምቁ ዮሐንስ ነው፤ ዘውዱ የሳቮይ መሳፍንት። ቀለበቱ የመጣው ግን በ1955 ነው። ስለዚህ የአባትህ ሰንጢ ከዚያ ወዲህ የተሠራች ናት። ማኅተሙ ቢጠፋም ቀለበቱ ይመሰክርልሃል።

ስለቷ ግራጫ እየሆነች ከመጣች ተዋት። ያ ዝገት አይደለም፤ ከቀዩ ዝገት የሚከላከል ሽፋን ነው። ብርቱካን ወይም ሎሚ ከቆረጥክባት ወዲያው እጠባት፣ አድርቃት። እንጨቱ ያብጣልና ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፋት።

ቀለም ቀቢዋ፣ ከሳቢያን

ወንድሜ፣ ጥልቀት ካገኘህ ጥቁር የጥፍር ቀለም ይበቃሃል። ማኅተሙን በሳሙና እጠበውና አድርቀው። ቀለሙን በጥርስ መፋቂያ ስንጥር ፊደሉ ውስጥ አስገባ። ሲደርቅ ስስ ጨርቅ በጠንካራ ካርቶን ላይ ወጥረህ ጠቅልል፣ አሴቶን ጠብ አድርግበትና ላዩን ብቻ ጥረግ። ጨርቁ እርጥበት ካበዛ ከውስጥም ያወጣዋል። ጣትህን አትጠቀም፤ ጣት ለስላሳ ስለሆነ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። አሴቶኑ እጀታውን እንዳይነካ፣ ቫርኒሹን ይበላዋል። ስትሠራም ቀለበቱን ቆልፈው።

አዲስ አባል

የኔ የማይዝግ ስለት ነው። ጽሑፉ ጥቁር ነበር፤ የዝገት ማጥፊያ ውስጥ ካሳደርኩት በኋላ ገረጣ። ስዳስሰው ለስላሳ ነው። በጥፍር ቀለም ይሠራል?

መካኒኩ

የሚሠራ አይመስለኝም። ያንተ በሌዘር ጨረር የጠቆረ ይመስላል። ሌዘሩ ብረቱን አግሎ ላዩ ላይ ስስ ጥቁር ሽፋን ይፈጥራል፤ አይቆፍረውም። አሲድ ሽፋኑን ይበላዋል። ቀለም የሚይዝበት ጉድጓድ ስለሌለ የቀረውን ጠብቅ። ሌላ ጊዜ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ብቻ።

ጠያቂ

ትናንት ማታ በባትሪው አየሁት። እጁ ከነጣቶቹ አለ። ከጽሑፉ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት ጥላ ጣሉ፤ የቀሩት ድንጋዩ የነካቸው ናቸው፣ ሄደዋል። ዛሬ እህታችን እንዳለችው ሞላኋቸው። አንዴ አሴቶን አብዝቼ ወጣብኝ፤ ሁለተኛው ያዘ። ለእናቴ ሳሳያት መነጽሯን አድርጋ ብዙ ቆየችባት። አመዱን ትታዋለች፤ የስፌት መኪና ዘይት ገዝቼ ሰጥቻታለሁ።

ቀለም ቀቢዋ፣ ከሳቢያን

ደስ ይላል! ምግብ ከመቁረጥህ በፊት ግን ዘይቱን ጥረገው።