የሮማ ብር ሳንቲም ላይ ያሉት ሁለት ፈረሰኞች እነማን ናቸው?

የሮማው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት እዚህ ሮም ፓላዞ ማሲሞ ሙዚየም ምድር ቤት ወርጄ ጥንታዊ ሳንቲሞች ሳይ አንዷ ላይ ዓይኔ ቀረ። የአውራ ጣት ጥፍር ብታክል ነው፣ ብር ናት። በአንዱ ገጽ ክንፍ ያለው የራስ ቁር ያደረገች ሴት አለች፣ ከማጅራቷ ኋላ ደግሞ ኤክስ የምትመስል ምልክት። ገልበጥ ሲል ሁለት ሰዎች ጦር ይዘው ይጋልባሉ፣ ከየቆባቸው በላይ አንድ አንድ ኮከብ። እነማን ናቸው? ኤክሷስ?

ብራና፦
ወንድሜ፣ ያየኸው ዲናሪየስ ነው፣ ያውም የመጀመሪያው ዓይነት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ገደማ፣ ሮማውያን ከካርታጎው የጦር መሪ ከሃኒባል ጋር ሲዋጉ የጀመሩት ነው። ሴቲቱ ሮማ ናት፣ ከተማዋ በሴት ተመስላ። ኤክሷ የሮማ ቁጥር አሥር ናት፤ አንዱ ዲናሪየስ አስ በሚባለው የነሐስ ሳንቲም አሥር ይመነዘር ነበር። ፈረሰኞቹ መንትዮቹ አማልክት ካስቶርና ፖሉክስ ናቸው። ሮማውያን ሲተርኩ፣ በሬጊሉስ ሐይቅ ጦርነት አግዘዋቸው፣ ከዚያ ከተማ ገብተው ፈረሶቻቸውን ውሃ አጠጥተው፣ ድሉን አብስረው ተሰወሩ ይላሉ። ቤተ መቅደሳቸው እኮ አጠገብህ ነው! ፎሮ ሮማኖ፣ የጥንቱ የሮም አደባባይ ውስጥ ቆመው የቀሩት ሦስት ረጃጅም አምዶች የሱ ናቸው።

አንኮበር፦
እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ከቄሳር ገዳዮች አንዱ የሆነው የብሩተስ ሳንቲም ነው። ቄሳር በ44 ከክርስቶስ ልደት በፊት የገዛ ፊቱን ብር ላይ አስቀረጸ፤ በሕይወት ያለ ሮማዊ በሮም ከተማ ሳንቲም ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው እሱ ነው፣ ንጉሥ ሊሆን ነው ያሰኘውም አንዱ ይሄ ነው። በዚያው ማርች ወር አጋማሽ ገደሉት። ከሁለት ዓመት በኋላ ብሩተስ ያስቀረጸው ላይ ሁለት ጩቤ አለ፣ መሃላቸው ነጻ የወጣ ባሪያ የሚያደርገው ቆብ፣ ከሥር የግድያው ቀን። ግን ገልብጠው እየው፦ የራሱ የብሩተስ ፊት ነው።

እህተ ማርያም፦
ወንጌል ላይ ለጌታ ያመጡለት የግብሩ ዲናርም እኮ ይኸው ነው። አብዛኞቹ አጥኚዎች የጢባርዮስ ነው ይላሉ። ሳንቲሙ ላይ ያለው ጽሑፍ ንጉሡን «የመለኮታዊው አውግስጦስ ልጅ» ይለዋል። «ለቄሳር ግብር መክፈል ተገቢ ነውን?» የሚለው ጥያቄ ለምን ያን ያህል ከባድ እንደነበር የገባኝ ይህን ሳውቅ ነው።

የሮማው ልጅ፦
ተባረኩልኝ። በሦስቱ አምዶች ሥር ስንቴ አልፌአለሁ! እሑድ ሄጄ ቆሜ አያቸዋለሁ።