ለገና ሰሞን ዲንሾ ድንኳን ልንጥል ነው፣ በቮልስ ሄዳችሁ የምታውቁ እርዱን

ሰማያዊ ቮልስ፦
ሰላም ቤተሰብ። የቮልስ ክለባችን ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜና እሁድ ባሌ ተራሮች፣ ዲንሾ ልናድር ወስነናል። 9 ቮልስ እና እቃ የምትይዝልን 1 ላንድክሩዘር ነን፣ ልጆችም አሉ፣ ትንሿ 4 አመቷ ነው። አርብ ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ወጥተን እሁድ ልንመለስ ነው። መኪኖቹን በገና መብራት አስጊጠን ቅዳሜ ማታ እሳት ዳር ዶሮ ልንበላ፣ እሁድ ጠዋት ደግሞ ሳኔቲ ወጥተን ቀይ ቀበሮ አይተን ከዛው ወደ ቤት። የጨነቀኝ ብርዱ ነው። ባለፈው ሳምንት ለሙከራ እንጦጦ መኪና ውስጥ አድሬ ነበር፣ ጠዋት ጉም ነበረ፣ ቮልሴ ተነሳች ግን 10 ደቂቃ እንኳን ሳልነዳ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልሰጣት) ትጠፋብኛለች፣ ቆሜ ትንሽ ስጠብቅ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ካንዴላ ቀይሬያለሁ፣ የቤንዚን ፊልትሮውም አዲስ ነው። ምኗን ልይላት? ልጆቹስ እንዴት ይደሩ? ከሰል አቀጣጥለን ድንኳኑን ብናሞቀውስ ያሉኝም አሉ፣ ምን ትላላችሁ?

የጎባ ልጅ፦
እንኳን ደህና መጣችሁ ከወዲሁ። መጀመሪያ ፕሮግራሙን አስተካክሉት ወንድሜ። ከዲንሾ ሮቤ፣ ከሮቤ ጎባ፣ ከጎባ ሽቅብ ሳኔቲ ወጥታችሁ በዛው ቀን 400 ኪሎሜትር ገደማ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ማለት በቮልስ ጨለማ ላይ መንዳት ነው፣ ከብቱም ጋሪውም መንገድ ላይ ነው። ሳኔቲን ቅዳሜ አድርጉት። ደግሞ ቀበሮ ለማየት ብላችሁ ልጆቹን በውርጭ አትቀስቅሷቸው፣ ቀይ ቀበሮ አይጥና ፍልፈል ነው የሚያድነው፣ እነሱ ደግሞ ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው ከጉድጓድ የሚወጡት፣ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ብትደርሱ ይበቃል። ሳኔቲ ላይ ግን እንዳታድሩ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ጫፉ 4,377 ነው፣ ልጅ ራሴን አመመኝ ካለ ወይም ካስመለሰው ወዲያው ወደ ጎባ መውረድ ነው እንጂ እስኪሻለው እዛው መጠበቅ የለም። ዲንሾ 3,100 ገደማ ስለሆነ ለማደር የተሻለ ነው፣ እሱም ቢሆን በታህሳስና በጥር ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል።

አደራ የምላችሁ ውሻ ይዛችሁ እንዳትመጡ። የቀበሮዎቹ ትልቁ ጠላት ከውሻ የሚጋባባቸው የእብደት በሽታ ነው፣ በአለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ደግሞ 500 አይሞሉም። እንጨትም ከዲንሾ ከተማ ባህር ዛፍ ግዙ፣ አስታ የሚባለውን የተራራውን ዛፍ እንዳትቆርጡ፣ እሳትም የፓርኩ ሰዎች በፈቀዱላችሁ ቦታ ብቻ። ቢሮው ጋ ከፍላችሁ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ይመደብላችኋል።

አሮጌ ጋራዥ፦
ልጄ ካንዴላውን ተወው። የያዛት በረዶ ነው፣ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ውስጥ። ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይስባል፣ አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ የካርቡራቶሩ ጉሮሮ ውርጭ ይይዝና መተንፈሻዋ ይጠባል፣ ትጠፋለች። ስትቆም የሞተሩ ሙቀት ያቀልጠዋል፣ ለዛ ነው እንደገና የምትነሳልህ። ቮልስ ለዚህ መድኃኒቱን ከፋብሪካ ይዛ ነው የመጣችው፣ ከካርቡራቶሩ ስር ትኩስ ጭስ የሚያልፍባት ቀጭን ቱቦ አለች፣ እድሜ ሲበዛ በጥላሸት ትደፈናለች። ሞተሩን አስነስተህ 5 ደቂቃ ቆይና መዳፍህን ሳትነካት ጠጋ አድርግ፣ በሁለቱም በኩል ካልፈጀችህ ተደፍናለች። እኔ ጭስ ማውጫውን ፈትቼ የተጣለ የፍሪሲዮን ገመድ ጫፉን በትኜ እንደ ቡሩሽ እያዞርኩ ነው የማጸዳት፣ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ የሚወጣው ጥላሸት አንድ ጣሳ ይሞላል። ወደ አየር ማጣሪያው ሙቅ አየር የምትወስደዋም ቱቦ ብዙ ቮልስ ላይ ወልቃ ጠፍታለች፣ መልሳት።

ለከፍታው ብለህ ካርቡራቶር አታስነካካ። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ የተስተካከለች መኪና ዲንሾ ላይ ብዙም አትቸገርም። ሳኔቲ ላይ ግን ባህር ዳርቻ ካለው አየር ከ10 እጅ 6 እጁ ነው ያለው፣ ጉልበቷም በዛው ልክ ይቀንሳል፣ ከጎባ ዳገቱን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያላችሁ፣ ሰውና እቃ ላንድክሩዘሯ ላይ ጭናችሁ። እኔን የምታሳስበኝ እሷ ላንድክሩዘር ናት። ቮልስ በአየር ነው የምትቀዘቅዘው፣ የሚረጋ ውሃ የላትም፣ እሷ ግን ራዲያተሯ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ከሆነ ያለው ሌሊት በረዶ ሰርቶ ሊሰነጥቀው ይችላል። ሳትወጡ አንቱፍሪዝ ይጨመርላት።

የሁለት ልጆች እናት፦
ከሰል የምትለዋን ሳነብ ልቤ ደነገጠ። እባካችሁ እባካችሁ! እኛ ሰፈር ሁለት እህትማማቾች ቤት ተከራይተው ገብተው በገቡ በሳምንታቸው ከሰሉ ከስሟል ብለው ማንደጃውን አስገብተው በር ዘግተው ተኙ፣ ጠዋት አልተነሱም። ቡናቸውን ያፈሉበት ጀበና እንዳለ ማንደጃው አጠገብ ነበር። ጭሱ ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም፣ አይሸትም አይታይም። ድንኳን ደግሞ ከቤት ይብሳል። ፍሙ ውጪ ይቅር፣ ስትተኙም ውሃ አፍስሱበት።

ልጆቹን እንዲህ አድርጉ። ብርዱ የሚገባው ከመሬት ነው፣ ስለዚህ ከስር ሰሌን፣ ከሱ ላይ ስፖንጅ፣ ከሱ ላይ አንድ ጋቢ አጥፋችሁ፣ ከዛ ነው የሚተኙት። ቀን የለበሱትን ካልሲና ካናቴራ ደረቅ ቢመስልም ቀይሩላቸው፣ ላብ አለው። ሞቅ ያለ ውሃ፣ የፈላ አይደለም፣ ሃይላንድ ውስጥ አድርጋችሁ ካልሲ አልብሳችሁ እግራቸው ስር ብታደርጉት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ይሞቃል፣ የኔዎቹ አቅፈውት ነው የሚተኙት። ዶሮውን ቤት ሠርታችሁ ውሰዱ፣ እዛ ከፍታ ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ መጨረሻው አይታይም። አርብ ጾም ስለሆነ ለመንገዱ ሽሮና በያይነቱ ቋጥሩ።

አሮጌ ጋራዥ፦
እህቴ ልክ ነሽ፣ አንድ ልጨምር። ሞተር አስነስታችሁ ሂተር ከፍታችሁ መኪና ውስጥ አትተኙ። የቮልስ ሂተር አየሩን የሚያሞቀው በጭስ ማውጫው ዙሪያ አሳልፎ ነው፣ ብረቱ ዝጎ ከተበሳ ያው የከሰሉ መርዝ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው።

6 ቮልት፦
እኛ ወደዛ ስንሄድ የተቸገርነው በቤንዚን ነው። በጀሪካን አይቀዱላችሁም፣ የቮልስ ታንከር 40 ሊትር ነው፣ ስለዚህ አሰላ ላይ ሙሉ፣ ዶዶላ ላይ ባይጎድልም ሙሉ፣ ሮቤም እንደዛው። ክፍያው በቴሌብር ስለሆነ ኔትወርክ ሲጠፋ ሰልፉ ይቆማል፣ ሰዓት ተርፏችሁ ውጡ። የገና መብራቱን ደግሞ ከመኪናው ባትሪ አትቀጥሉ፣ በፓወርባንክ የሚሠራውን ግዙ፣ ሌሊትም አጥፉት፣ ዲንሾ ላይ ኒያላው ድንኳናችሁ ድረስ ነው የሚመጣው።

የጎባ ልጅ፦
የገና ዱላና ሩር ይዛችሁ ኑ! ከፓርኩ ውጪ ሜዳ አለ፣ የሰፈሩ ልጆች ይገጥሟችኋል። ትንፋሽ ያጥራችኋል ግን ቀስ እያላችሁ ተጫወቱ።

ሰማያዊ ቮልስ፦
ተመልሰናል፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ቱቦዋ በግራ በኩል ድፍን ብላ ነበር፣ ጋሼ እንዳሉት ጣሳ ሙሉ ጥላሸት ነው የወጣው፣ ከዛ ወዲህ አንዴም አልጠፋችም። ቅዳሜ ጠዋት የመኪኖቹ መስታወት ላይ ያለውን ውርጭ በኤቲኤም ካርድ ነው የፋቅነው፣ ትንሿ ልጅ በረዶ ነው ብላ ልትቀምሰው ነበር። ሳኔቲ ላይ ሦስት ቀበሮ አየን፣ አንዱ ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ለጥ ብሎ 20 ደቂቃ ሙሉ ሲጠብቅ ሞተር አጥፍተን አብረን ጠበቅን። በገና ጨዋታ 4 ለ 1 አሸነፉን፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ብለን ዶሮውን አብረን በላን። እሁድ ጠዋት አልነሳም ያለችው አንድ ቮልስ ብቻ ናት፣ መብራቱን ከባትሪዋ የቀጠለው ልጅ፣ ገፍተን አስነሳናት።