ክርክር፦ የሜንቴነሮቹ ዝግ ግሩፕ ይከፈት ወይስ ይቆይ?

የከዚራ ልጅ፦
ያ ጀመዓ ሰላም ናችሁ። ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ፣ የሱቅ ዱቤና ስቶክ የሚመዘግበው አፕ አለ አይደል፣ በአማርኛ በኦሮምኛ በሶማሊኛ የሚሰራው፣ ኮዱ ጊትሀብ ላይ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ክፍት ነው፣ ላይሰንሱም (የአጠቃቀም ፈቃዱ) ጂፒኤል ነው። ሰሞኑን ሪፖው (የኮዱ ማከማቻ) ላይ «ላይሰንሱን ወደ ኤምአይቲ ለመቀየር ተወስኗል» የሚል ተለጥፎ አየን፣ ኤምአይቲ ከጂፒኤል የላላ ፈቃድ ነው። መቼ ተወራ፣ ማን ተጠየቀ ስንል ለካ ሦስቱ ሜንቴነሮች (ኮዱን የሚያስተዳድሩት) በራሳቸው ዝግ የቴሌግራም ግሩፕ ጨርሰውታል። ያ ግሩፕ ይከፈት ወይስ ፕሮጀክቱ እስኪያድግ እንዲሁ ይቀጥል? እኔ ይከፈት ባይ ነኝ።

ለገሀሬ፦
አቦ ከሦስቱ አንዱ እኔ ነኝ። ማንም ምንም የደበቀ የለም። ኮዱን ሁሉም ያየዋል፣ ያልተመቸው ፎርክ ያድርግ (ኮዱን ገልብጦ የራሱን ያውጣ)፣ ኦፕን ሶርስ ማለት እኮ ይሄው ነው። መብራት መጣ ሄደ እያልን ሌሊት የምንሰራው እኛ፣ ስራው ሲያልቅ ግን የአስተያየት ሰጪው ብዛት አይቆጠርም። እያንዳንዷን ነገር አደባባይ ካወጣን ስንጨቃጨቅ ነው የምንከርመው። ሊኑክስስ (ክፍቱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ቢሆን መጨረሻ ላይ የሚወስነው ፈጣሪው ሊኑስ አይደል እንዴ?

ሳቢያን፦
ይወስናል፣ ግን የት ሆኖ ነው የሚወስነው? ፓቹ (የኮድ ማሻሻያው) የሚላከውም የሚተቸውም፣ ስድቡም ሳይቀር፣ ሁሉም በሚያነበው የኢሜይል ዝርዝር ላይ ነው። አንድ ሰው መወሰኑ ሌላ፣ ተደብቆ መወሰኑ ሌላ። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እይ፣ ለዓመታት የመጨረሻው ቃል የፈጣሪው የጊዶ ቫን ሮሰም ነበር፣ ሀሳቡ ግን ፔፕ በሚሉት ሰነድ ተጽፎ ሁሉም ይተቸዋል። በፈረንጆቹ 2018 በፔፕ 572 ጭቅጭቅ ተማሮ ሲለቅ ደግሞ ቀጥሎ ማን ይምራ የሚለውንም በጽሁፍ ተከራክረው በ2019 አምስት ሰው መረጡ፣ ዛሬም ገብተህ ማንበብ ትችላለህ። የናንተን ውሳኔ ግን የት ገብቼ ላንብብ?

ጁገል፦
እኔ ከሐረር ነኝ፣ የኦሮምኛውን ትርጉም አብዛኛውን የሰራሁት እኔ ነኝ፣ እና ማንም አልጠየቀኝም። ለመሆኑ በህግስ ትችላላችሁ? ኮድ የጻፈ ሰው መብቱን በጽሁፍ ካላስተላለፈ ባለቤቱ ራሱ ነው፣ ትርጉምም እንደዛው። እኔ በጂፒኤል ነው የሰጠሁት። ቪኤልሲ (ቪዲዮ ማጫወቻው) እንኳን አብዛኛው ኮዱ ከጂፒኤል ወደ ኤልጂፒኤል፣ ትንሽ ወደላላው ፈቃድ፣ ሲዞር ኮድ ያዋጡትን ሰዎች እየፈለጉ ማስፈቀድ ነበረባቸው። ልዩነቱ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ በጂፒኤል ቀይሮ የሚያከፋፍል ሰው ኮዱን በዛው ላይሰንስ መስጠት ግዴታው ነው፣ በኤምአይቲ ግን አንዱ ካምፓኒ ወስዶ ዘግቶ ይሸጠዋል፣ ግዴታው የኮፒራይቷንና የፈቃዷን ጽሁፍ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ለገሀሬ፦
እህቴ በክፋት አይደለም። አንድ ድርጅት ከራሱ ሶፍትዌር ጋር አብሮ ሊሸጠው ፈልጎ ጂፒኤል አይመቸኝም ስላለ ነው፣ የሰርቨር ብርም እሰጣችኋለሁ ብሏል

የከዚራ ልጅ፦
ቆይ ብርም አለ እንዴ???

ለገሀሬ፦
ገና ወሬ ላይ ነው አልተከፈለም

መጋላ፦
እኔ ፕሮግራመር አይደለሁም፣ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ጋ ሱቅ ነው ያለኝ፣ የሰው ዱቤ በሙሉ እዛ አፕ ላይ ነው። የላይሰንሱን ነገር ለናንተ ትቼዋለሁ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ) በማን ስም ነው፣ ፕሌይ ስቶር ላይ የሚያድሰውስ ማን ነው፣ ፓስወርዱን የያዘው ልጅ ነገ ሌላ ስራ አግኝቶ ቢጠፋ እኔ ማንን ልጠይቅ? እድር እንኳን ገንዘብ ያዡ ሌላ ጸሐፊው ሌላ ነው።

ሳቢያን፦
ዋናው ይሄ ነው። ለገሀሬ ፎርክ ያድርጉ ይላል፣ ፎርክ ግን ኮዱን ነው የሚሰጥህ እንጂ ስሙን ዶሜይኑን ስልካቸው ላይ የጫኑትን ሰዎች አይሰጥህም። በ2022 ጊቲያ (እንደ ጊትሀብ ኮድ የሚቀመጥበት ክፍት ሶፍትዌር) ላይ የሆነው ይሄ አይደል፣ ዶሜይኑና የንግድ ስሙ ኮሚኒቲው ሳያውቅ ለትርፍ ወደሚሰራ ካምፓኒ መዛወሩ ተሰማ፣ ግልጽ ደብዳቤ ተጻፈ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ፎርጄዮ ተገንጥሎ ወጣ። የሚገርመው ጊቲያ ራሱ በ2016 ጎግስ ከሚባል ተመሳሳይ ሶፍትዌር የተገነጠለ ነው፣ ምክንያቱም እዛ ኮድ የማስገባት ስልጣኑ በአንድ ሰው እጅ ስለነበረ።

ለገሀሬ፦
እሺ ሴኪዩሪቲውስ? ቀዳዳ ሲገኝ አደባባይ ላይ ላውራ? በ2024 ኤክስዚ (ብዙ ሊኑክስ ላይ ያለ ፋይል ማመቂያ) ላይ ጂያ ታን ነኝ ያለው ሰውዬ እኮ ሁለት ዓመት ገደማ በትህትና ሲያዋጣ ቆይቶ ሜንቴነር ሆኖ ነው ባክዶር (ስውር መግቢያ) ያስገባው። ለመጣ ሁሉ ክፈት ስትሉኝ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው

ሳቢያን፦
ኤክስዚማ ለኔ ነው የሚመሰክረው። ፕሮጀክቱ በአንድ የደከመው ሰው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ባክዶሩን የሚያስነሳው ቁራጭ ደግሞ ሁሉም የሚያየው ሪፖ ውስጥ ሳይሆን ለብቻ ተጠቅልሎ በወጣው የሪሊዝ ፋይል ውስጥ ነበር። የያዘውም አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ፕሮግራመር ኤስኤስኤች (ከርቀት ሰርቨር መግቢያ) ሎግኢን ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ሲቆፍር ነው። የሴኪዩሪቲ ቀዳዳ እስኪደፈን በሚስጥር ይያዝ፣ በዚህ ማን ተከራከረህ? ዴቢያን (በበጎ ፈቃደኞች የሚሰራ የሊኑክስ ዓይነት) ከ1997 ጀምሮ ችግር አንደብቅም የሚል ቃል አለው፣ የሴኪዩሪቲ ቡድኑ ግን ሳይደፈን የማያወራው ነገር አለ፣ ከተደፈነ በኋላ ይገልጻል። ላይሰንስ ግን የምን ሚስጥር ነው

ጁገል፦
የድሮውን ቻት ክፈቱት አልልም፣ ሰው የግል ጉዳዩንም ያወራበታል። ከከዚራ ልጅ እዚህ ጋ እለያለሁ። ከአሁን በኋላ ላይሰንስ፣ ብር፣ ሜንቴነር መጨመርና መቀነስ ግን መጀመሪያ ኢሹ (ጊትሀብ ላይ ሁሉም የሚያየው የውይይት ገጽ) ይከፈትበት፣ ሁለት ሳምንት ይቆይ፣ ከዛ ወስኑ። የዶሜይኑና የፕሌይ ስቶሩ ፓስወርድም ቢያንስ ሁለት ሰው ጋ ይሁን። የኔን ትርጉም በኤምአይቲ አልሰጥም፣ ከፈለጋችሁ አውጥታችሁ እንደ አዲስ ተርጉሙት።

ለገሀሬ፦
ኢሹውን ተቀብያለሁ፣ ቮት ግን የለም። አንዴ ፊደል ያረመ ሰው ከኔ እኩል ድምጽ ይኑረው ማለት ፍትህ አይደለም። የላይሰንሱን ፖስት አሁኑኑ አጠፋዋለሁ

የከዚራ ልጅ፦
አታጥፋው እንጂ አቦ! ከስሩ «ቆሟል» ብለህ ለምን እንደቆመ ጻፍበት፣ የድርጅቱንም ጥያቄ ጨምረህ

መጋላ፦
ዶሜይኑ በማን ስም ነው አላልከኝም

ለገሀሬ፦
ጅቡቲ ባለው ወንድሜ ስም ነው፣ ዶላር ካርድ ያለው እሱ ስለሆነ

መጋላ፦
ወንድምህ ከሦስቱ አንዱ ነው?

ለገሀሬ፦
አይደለም