ቪትዜ ዳገት ላይ እየሞቀች ነው፤ የትኛው ጋራዥ ልውሰዳት?

የሽሮ ሜዳዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምነዳው በፈረንጆቹ 2006 የተሠራች ቪትዝ ነው፣ ባለ አንድ ሺህ ሲሲ። ሰሞኑን ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ ቀዩ የሙቀት መብራት ይበራብኛል።

ሁለት ጋራዥ አሳየኋት። አንዱ ኮፈኑን ከፍቶ ጠጋ እንኳ ሳይል "ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታታው መውረድ አለበት" አለኝ፤ የሞተሩ ራስ ተነስቶ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ይቀየር ማለቱ ነው። ሌላው "ተርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው፣ ትገላገያለሽ" አለ፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚያግደውን ማለቱ ነው። የጠሩት ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ጓደኞቼ ደግሞ ግማሹ ትልቁ የቶዮታ ጋራዥ ሞኤንኮ ውሰጃት፣ ግማሹ የሰፈር መካኒክ ይበቃሻል ይላሉ። ለእኔና ለወንድሜ የሚጠራው ዋጋ እንደሚለያይም አይቻለሁ። የምታምኑት ሰው ካለ ጠቁሙኝ። የግቢውን ማማር ተዉት፣ ስለ እጁ ንገሩኝ።

ቡልቡላ፦
አቅምሽ ከፈቀደ ሞኤንኮ። ቢያንስ ደረሰኝ አለው። ወረፋውን ግን ቻይው።

ጡረተኛው መካኒክ፦
ልጄ፣ ጋራዡ ይቆይና እነዚያ ሁለቱ ያልጠየቁሽን ልጠይቅሽ። ትራፊክ ይዟት ስትቆምም ትሞቃለች ወይስ ዳገት ላይ ብቻ? ቆማ የምትሞቅ ከሆነ መጀመሪያ ፋኑ ነው የሚጠረጠረው። ዳገት ላይ ብቻ ከሆነ ወይ ውሃ ጎድሏል፣ ወይ ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ወይ የራዲያተሩ ክዳን ደክሟል። ይህን ሳይጠይቅ ቴስታታ አወርዳለሁ የሚል ሰው ጋ መኪናሽን አታሳድሪ።

ክዳኑን ሰው ይንቀዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ሞተር ደግሞ በደህና ቀኑም 90 አካባቢ ይሠራል። ውሃው ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለያዘለት ብቻ ነው። ከክዳኑ ሥር ያለው ጎማ ደርቆ ከተሰነጠቀ ግፊቱ ያመልጣል፤ ያኔ ዳገት ላይ ይፈላል። እና ሞተሩ ሳይበርድ እንዳትከፍቺው፣ ፊትሽ ላይ ነው የሚፈነዳው።

ጓርኒሲዮን ከተቃጠለም ምልክት አለው። የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍቺ ወተት የመሰለ ነገር ታያለሽ። ማርሚታው ነጭ ጭስ ያወጣል። ሞተሩ ተነስቶ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይመላለሳል። የግፊት መለኪያ ያለው ጋራዥ ሳይፈታ ይለየዋል። አላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ መልሱን ሲሰጡሽ ፊታቸውን እይ።

ተርሞስታት መጣል የቆየ በሽታችን ነው። ሲጣል ሞተሩ በጠዋት ብርድ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚንም ይበላል። ቪትዝ ላይ ደግሞ ማወቂያ አለሽ፤ ጠዋት የምትበራው ሰማያዊ መብራት ብዙ መንገድ ሄደሽ ካልጠፋች ተጠራጠሪ።

የተክለሃይማኖት ልጅ፦
ጋሼ ጨርሰውታል። እኔ የዕቃውን ነገር ልጨምር። መካኒኩ "ዕቃውን እኔ ላምጣልሽ" ካለ ደረሰኝ ጠይቂው። የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ከአንዳንድ ሱቅ ለመካኒኩ ኮሚሽን እንዳለችው አገር ያውቃል። ብቻሽን ከሄድሽ ደግሞ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂና ጎን ለጎን አስተያዪው። የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍልሽ፣ ያውም ብሎን ሳይፈታ በፊት። የተፈታውን ዕቃም ተቀበያቸው። "ምን ያደርግልሻል?" ይሉሻል፤ ዝም ብለሽ ኮፈኑ ላይ እንዲያስቀምጡት ንገሪያቸው።

ስለ ወንድምሽ ያልሽው እውነት ነው። ዋጋውን በስልክ እሱ ይጠይቅ፣ መኪናውን አንቺ ውሰጂ።

የሽሮ ሜዳዋ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ትራፊክ ላይ ምንም አትሆንም፣ ዳገት ላይ ብቻ ነው። ሰማያዊዋ መብራት ግን ጠዋት ከቤት ተነስቼ አራት ኪሎ እስክደርስ አትጠፋም! ከገዛኋት ጀምሮ እንዲሁ ናት። ተርሞስታት የላትም ማለት ነው?

ጡረተኛው መካኒክ፦
ቁልቁለት ስለሆነ ትንሽ ይዘገያል፣ ይህን ያህል ግን አይደለም። ያልሽው ልክ ከሆነ ወይ ቀድሞ የጣለልሽ ሰው አለ፣ ወይ ተከፍቶ ቀርቷል። ተጥሎ ከሆነ ሁለተኛው መካኒክሽ የሌለ ተርሞስታት አውጥቶ ሊያስከፍልሽ ነበር!

ተርሞስታት ሳይኖራት ዳገት ላይ ከሞቀች እኔ ራዲያተሩን እጠረጥራለሁ። የቧንቧ ውሃ እየተሞላበት ዓመታት ከሄደ ውስጡ በዝገትና በደለል ይያዛል። የቪትዝ ራዲያተር ታንኩ ፕላስቲክ ነው፤ እንደ ድሮዎቹ የናስ ራዲያተሮች ከፍቶ፣ ጠርጎ፣ መልሶ መበየድ አይሆንም። ተፈትቶ በመድኃኒት ይታጠባል፣ ካልሆነም ይቀየራል። ከዚያ ኩላንት (ለራዲያተር የተሠራውን ፈሳሽ) አስሞዪ፣ ተርሞስታቱንም አስመልሺ። ክዳን ስትገዪ አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቢ፤ 0.9 ወይም 1.1 ይላል፣ እሱኑ ግዢ።

ጋራዡን በተመለከተ፣ የሰፈርም ይሁን ትልቅ፣ ስትደርሺ "ተርሞስታቴ አለ ወይ?" ብለሽ ጠይቂ። የተርሞስታቱን ቤት ፈትቶ ውስጡን ላሳየሽ ሰው ሥራውን ስጪው።