የኢ-ለርኒንግ ባለሙያ የሥራ መዘርዝር ላይ ተቸግሬያለሁ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አይሲቲ ዳይሬክቶሬት ሥር ላለ የኢ-ለርኒንግ ቡድን የሥራ መዘርዝርና የዕድገት መሰላል እያዘጋጀሁ ነው። ያለው መደብ «የሲስተም አስተዳዳሪ» የሚል ብቻ ሲሆን፣ በውስጡ ሦስት ሥራዎች ተደራርበዋል።

አንደኛው ሙድልን (ኮርሶች በኢንተርኔት የሚሰጡበትን ሶፍትዌር) ማስተዳደር ነው፦ ክሮን፣ ማለትም በሰርቨሩ ላይ የተቀጠሩ ሥራዎችን በራሱ የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ በየደቂቃው መሥራቱን መከታተል (ከቆመ የማሳወቂያ ኢሜይል አይወጣም)፣ ከማሻሻያ በፊት ዳታቤዙን፣ የሙድልዳታ ፎልደሩን (የተጫኑ ፋይሎች የሚቀመጡበትን) እና ኮዱን ባክአፕ ማድረግ። ይህን መመዘን አይከብድም። የሚያስቸግሩት ኮርስ መንደፍና መምህራንን ማሠልጠን ናቸው። ከመምህር ጋር ሳምንታት ተቀምጦ፣ የተከመረ ፒዲኤፍን መልመጃና ግብረመልስ ወዳለው ኮርስ የቀየረ ባለሙያ ድካሙ እንደ ማስተማር ሰዓትም እንደ ምርምርም አይያዝለትም። ሰው ቢለቅ ምን ይገርማል?

የእንግሊዝ የመማር ቴክኖሎጂ ማኅበር የሚሰጠውን «ሲማልት» (CMALT) የተባለ የሙያ ማረጋገጫ መነሻ ለማድረግ አስቤ ነበር። አመልካቹ የሠራውን በማስረጃ አስደግፎ፣ በገዛ ሥራው ላይ ያለውን የራሱን ግምገማ ጨምሮ ፖርትፎሊዮ ያቀርባል። የእኛ መመዘኛ ግን በዋናነት የትምህርት ዝግጅትና የአገልግሎት ዓመት ስለሚያይ አልገጥም አለኝ።

እባካችሁ የሠራችሁበት ካላችሁ፦ ሦስቱን ለየብቻ መደብ አደረጋችኋቸው ወይስ አንድ መደብ ከነደረጃዎቹ? ለኮርስ ንድፍ ምን ዓይነት ማስረጃ ተቀባይነት አገኘ? ቡድኑስ ተጠሪነቱ ለአይሲቲ ነው ወይስ ለአካዳሚክ ምክትል ፕሬዚዳንት? በተለይ የመጨረሻው መልስ ካገኘ ሌላው የሚቀል ይመስለኛል።